ከፍሎ መከሰስ፦ በድርጅቶች ውስጥ ስለ ሶፍትዌር ላይሰንስ አያያዝ የቀረበ ዲስኩር



ስለ ሶፍትዌር ላይሰንስ ሊናገር ነው ሲባል፣ ከመካከላችሁ ግማሹ ስለ ክራክ ተግሣጽ ልትሰሙ የመጣችሁ ይመስለኛል። ተግሣጹ ይቅር። ክራክ ምን እንደሆነ እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል፤ ሕጉም ቢሆን አያሻማም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠብቃቸው ሥራዎች መካከል ቆጥሮታል፤ መብቱን ሆን ብሎ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት እንደሚጠብቀው ደንግጓል። ይህን ካልኩ ይበቃል።

እኔ ላወራ የመጣሁት ስለሚከፍሉ ድርጅቶች ነው። በላይሰንስ ሰበብ ትልልቅ ገንዘብ ሲጠየቁ ስማቸው የሚነሳው ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ ሌቦች አይደሉም፤ ለዓመታት ሲከፍሉ የኖሩ ደንበኞች ናቸው። ነገሩ ግር ቢልም ምክንያቱ ቀላል ነው። ሻጩ ቤታችሁ ገብቶ የመመርመር መብት የሚያገኘው እናንተው ከፈረማችሁት ውል ነው። ምንም ካልፈረመ ሰው ዘንድ ለመድረስ ጠበቃና ፍርድ ቤት ያስፈልገዋል። ከፈረመው ዘንድ ለመድረስ ግን አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል። የዳታቤዝ ሻጩ የኦራክል መደበኛ ውል ለምሳሌ ኩባንያው የ45 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ሰጥቶ አጠቃቀማችሁን ኦዲት ማድረግ እንደሚችል ይናገራል። ይህን አንቀጽ ሲፈርም ያነበበው ማን ነው? ብዙ ቦታ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ ዝምታ ነው።

የዲያጂዮን ነገር ልንገራችሁ። ዲያጂዮ ማን ነው የሚል ካለ፣ ጊነስ ቢራንና ጆኒ ወከር ውስኪን የሚሸጠው የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። የእኛን ሜታ አቦ ቢራን እ.ኤ.አ. በ2012 ከመንግሥት በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ አሥር ዓመት ያህል ይዞት የቆየውም እሱው ነው። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ከጀርመኑ የሶፍትዌር ኩባንያ ከሳፕ ጋር ውል ፈርሞ የሂሳቡንና የትእዛዙን ሥራ በሳፕ ሶፍትዌር ላይ አቆመ። ክፍያው በስም የተመዘገቡ ተጠቃሚዎችን ቁጥር ተከትሎ የሚሄድ ነው። ይህን ያህል ሠራተኛ በዚህ ደረጃ፣ ያን ያህሉ ደግሞ በዚያ ደረጃ ይጠቀማል እየተባለ ይቆጠራል። ባለፉት ዓመታት ዲያጂዮ ለላይሰንስና ለጥገና የከፈለው ተደምሮ ከ50 እስከ 61 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚደርስ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ደንበኛ ከተባለ እንዲህ ነው።

ከዚያ ወዲያ አንድ ጥሩ ሐሳብ መጣ። የቡና ቤትና የሆቴል ባለቤቶች ቢራና ውስኪ ሲያዝዙ ስልክ ይደውሉ ነበር፤ ስልኩን የሚያነሳው የዲያጂዮ ሠራተኛ ትእዛዙን ተቀብሎ ሳፕ ውስጥ ያስገባል። ይህ ለምን ይሆናል? ባለ ቡና ቤቱ ራሱ በኢንተርኔት ገብቶ ይዘዝ ተባለ። ለዚህም ኮኔክት የተባለ ሲስተም ተሠራ። የሽያጭ ሠራተኞቹም ደንበኛ ጉብኝት ሲወጡ በአይፓድ የሚሠሩበት ጄን ቱ የሚባል ሌላ ሲስተም ተጨመረላቸው። ሁለቱም የተሠሩት በሌላ ኩባንያ፣ በሴልስፎርስ፣ ሲስተም ላይ ነው። ከሳፕ ጋር የሚነጋገሩት ደግሞ ሳፕ ራሱ በሸጠው የማገናኛ ሶፍትዌር በኩል ነበር፤ ዲያጂዮ ለዚህም ማገናኛ ለብቻው ከፍሏል።

አሁን በአንድ የእንግሊዝ ከተማ ያለን ባለ ቡና ቤት አስቡት። ማታ በሩን ዘግቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ለሳምንቱ ሦስት በርሜል ጊነስ ያዛል። ሳፕ የሚባል ነገር ስለመኖሩ ሰምቶም አያውቅ ይሆናል። ስክሪኑን አላየም፣ የይለፍ ቃል አልተሰጠውም። ያዘዘው ግን በሴልስፎርስ አልፎ፣ በማገናኛው ተሻግሮ፣ ሳፕ ውስጥ ገብቶ ትእዛዝ ሆኖ ይመዘገባል። ሳፕ ይህን ሰው ተጠቃሚ ነው አለ። ውሉ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ መጠቀምን ይላልና ለእሱም፣ እንደ እሱ ላሉ ሺዎችም ልትከፍሉኝ ይገባል ብሎ ከ54 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ጠየቀ። ዲያጂዮ ደግሞ ለማገናኛው ከፍዬ የለም ወይ፣ በሩን ገዝቼ ሳበቃ ለሚገባበት ሁሉ እንደገና ልክፈል ወይ ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ፊኖላ ኦፋረል ለሳፕ ፈረዱ፤ የማገናኛው ላይሰንስ ወደ ዋናው ሲስተም መግቢያ ፈቃድ አይሆንም ተባለ። የገንዘቡ ልክ ግን በዚያ ውሳኔ አልተቆረጠም፤ ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ።

እኔ በዚህ ፍርድ የሚገርመኝ የገንዘቡ ብዛት አይደለም። ያ ሁሉ ዕዳ የመጣበት ስብሰባ የትኛው ነበር? የግዥ ኮሚቴው አይደለም። የሕግ ክፍሉም አይደለም። ደንበኛ ስልክ ከሚጠብቅ በኢንተርኔት ይዘዝ የተባለበት፣ የሽያጭ ስብሰባ ሳይሆን አይቀርም። እዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ሰው ስለ ላይሰንስ እየወሰንኩ ነው ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። በድርጅት ውስጥ የላይሰንስ ዕዳ የሚወለደው በአብዛኛው እንደዚህ ነው፤ ስለ ሌላ ነገር በሚመከርበት ጠረጴዛ ላይ፣ ስለ ላይሰንስ የሚያውቀው ሰው ባልተጠራበት።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ዛሬ የትኛው ድርጅት ነው የሂሳብ ሲስተሙን ከቴሌብር፣ ከባንኩ አፕ ወይም ደንበኞቹ በስልካቸው ከሚከፍቱት ገጽ ጋር ያላገናኘ፣ ወይም ለማገናኘት ያላቀደ? የማገናኘቱን ሥራ ጎበዝ ልጆች በሳምንታት ይጨርሱታል። ማዶ ያለው ደንበኛ በውላችን መሠረት ተጠቃሚ ይባላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ግን ማንም አያነሳውም። ሳፕ ራሱ ከዚያ ፍርድ በኋላ የደንበኞቹን ድንጋጤ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 እንዲህ ያለውን አጠቃቀም በሰው ሳይሆን ሲስተሙ ውስጥ በሚፈጠረው ሰነድ ቁጥር፣ በትእዛዙና በደረሰኙ ልክ፣ የሚያስከፍል አዲስ ዋጋ አውጥቷል። እንዲህ ሲሆን ሥራችሁ ባደገ ቁጥር ሂሳቡም ያድጋል ማለት ነው። ጥሩም መጥፎም አይደለም፤ በጀት ስትይዙ ግን ማወቅ አለባችሁ።

ሌላው ታሪክ የስኒከርስ ቸኮሌት አምራች የማርስ ነው። እሱን ባጭሩ ልለፈው። ማርስ የኦራክል ዳታቤዝ ይጠቀማል፤ ሰርቨሮቹን ደግሞ በቪኤምዌር ነው የሚያስተዳድረው። ቪኤምዌር አንዱን ሥራ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው እንደልብ ማዘዋወር ያስችላል። የኦራክል ኦዲተሮች እንግዲያው ዳታቤዙ ሊዘዋወርበት የሚችል ሰርቨር ሁሉ ይቆጠር ወደሚለው ሄዱ፤ አንድም ቀን ኦራክል ያልነካው ሰርቨር ሳይቀር ማለት ነው። ማርስ 233,089 ገጽ ሰነድ አስረከበ። አልበቃም ሲባል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ሳን ፍራንሲስኮ ፍርድ ቤት ሄዶ ራሱ ከሳሽ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ክሱ ተቋረጠ። እዚህም ቢሆን ቴክኒሻኑ ሰርቨሮቹን አንድ ላይ ሲያስተሳስር ሥራውን በትክክል ነው የሠራው። ማንም ውሉን ገልጦ ያሳየው አይመስለኝም።

ጃቫን ግን ዘርዘር አድርጌ ላንሳው፤ እዚህ አገር ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ጉዳይ ነውና። ጃቫ፣ ብዙ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ሶፍትዌር፣ ለዓመታት ማንም እንደፈለገ በነጻ የሚያወርደው ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ኦራክል የጃቫ 8 አዳዲስ ማሻሻያዎችን ለንግድ ሥራ መጠቀም ክፍያ ይጠይቃል አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ደግሞ የክፍያውን ስሌት ለወጠው። አሁን የሚቆጠረው ጃቫ የሚጠቀመው ሰው ወይም የተጫነበት ማሽን አይደለም፤ የድርጅቱ ሠራተኛ በሙሉ ነው። የትርፍ ሰዓት ሠራተኛው፣ የኮንትራት ሠራተኛው፣ የድርጅቱን ሥራ የሚደግፍ አማካሪ ሳይቀር። 800 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ካላችሁ፣ ዘበኛው፣ ሾፌሩና ሻይ የምታፈላዋ እመቤትም ተቆጥረዋል፤ ኮምፒውተር ነክተው ባያውቁም። ከአንድ ሺህ በታች ሠራተኛ ላለው የዝርዝር ዋጋው በሰው በወር 15 ዶላር ነው። ለ800 ሰው በዓመት 144,000 ዶላር ይመጣል።

ይህን ወደ ብር ስትለውጡት ሌላ ጉድ ይጠብቃችኋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያው 144,000 ዶላር በፊት 8 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሆነ። አንድ ተጨማሪ ሠራተኛ ሳይቀጠር፣ አንድ ተጨማሪ ማሽን ሳይገዛ። የፋይናንስ ኃላፊዎች የነዳጅና የመለዋወጫ ወጪ በዶላር ስንት ነው ተብለው ሲጠየቁ ወዲያው ይመልሳሉ። በዶላር የሚታደስ የሶፍትዌር ክፍያ ስንት አለ ሲባሉ ግን አይቲ ክፍልን ጠይቁ ይላሉ፤ አይቲ ክፍል ደግሞ ፋይናንስን።

ደግነቱ ጃቫ የኦራክል ብቻ አይደለም። ኦፕን ጄዲኬ ተብሎ በነጻ የሚሰጥ አለ፤ አማዞንም ኮሬቶ በሚል ስም የራሱን በነጻ ያቀርባል፤ ለአብዛኛው ፕሮግራም ልዩነቱ አይታወቅም። ኦራክል ራሱም አንዳንድ አዳዲስ ቅጂዎችን ለተወሰነ ጊዜ በነጻ ይለቃል። ስለዚህ የምትጠይቁት ጥያቄ ጃቫ አለን ወይ ሳይሆን የማን ጃቫ፣ ስንተኛው ቅጂ የሚለው ነው። ይህን ለማጣራት አንድ ሰው ጥቂት ቀን ቢመደብ ከላይ ያልኩትን ገንዘብ ሊያድን ይችላል።

ነጻ ስለሚባሉት ካነሳሁ አይቀር፦ ነጻ የሆነው ለማን እንደሆነ ታዩ ዘንድ እለምናችኋለሁ። የሌላን ሰው ማሽን ከርቀት የምንከፍትበት ቲምቪወር ነጻ የሚሆነው ለግል አገልግሎት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የሄልፕ ዴስክ ዋና መሣሪያ ሆኗል። ፕሮግራመሮች የሚሠሩበት ዶከር ዴስክቶፕ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ከ250 በላይ ሠራተኛ ወይም በዓመት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ያለው ድርጅት ሲሆን ይከፈልበታል። ኦፕን ሶርሱም ቢሆን ግዴታ አለበት። ሲስኮ ሊንክሲስ በተባሉት ራውተሮቹ ውስጥ ጂፒኤል በሚባለው የኦፕን ሶርስ ላይሰንስ የወጣ ሶፍትዌር ይዞ፣ ምንጭ ኮዱን እንደሚገባ ባለማቅረቡ እ.ኤ.አ. በ2008 ተከሶ በ2009 ታርቋል። ለደንበኛ ሶፍትዌር ሠርታችሁ የምትሸጡ እዚህ ካላችሁ ይህ ለእናንተ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቢሮ እንግባ። አንድ መሥሪያ ቤት 40 ላፕቶፕ በጨረታ ይገዛል እንበል። በዝርዝሩ ላይ ዊንዶውስ 11 ያለው ተብሎ ተጽፏል። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ተጫራች ያሸንፍና ዊንዶውስ 11 ሆም የተጫነበትን ያቀርባል፤ ከውሉ አልወጣም። የአይቲው ልጅ ማሽኖቹን ከመሥሪያ ቤቱ ዶሜይን ጋር ሊያገናኝ ሲል እምቢ ይሉታል፤ ሆም ዶሜይን ውስጥ አይገባም፣ ለዚያ ፕሮ ያስፈልጋል። በጀቱ አልቋል። ዳይሬክተሩ ደግሞ ነገ ሠራተኛው ላፕቶፑን ይረከብ ብለዋል። ልጁ ታዲያ ምን ያድርግ? ፍላሽ ያወጣል፣ አንቲቫይረሱን ያጠፋል፣ ያቺን የምታውቋትን አክቲቬተር ያስነሳል። ሌሊቱን አርባውንም ፕሮ አድርጎ ያድራል። ጠዋት ሁሉም ደስ ይለዋል።

ፋይሉን ብትከፍቱ ለዊንዶውስ ሕጋዊ ክፍያ ተፈጽሟል። ማሽኑን ብትከፍቱ ክራክ ነው። ለዚያውም አክቲቬተሯ ብቻዋን ላትመጣ ትችላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ኬኤምኤስፒኮ የተባለው አክቲቬተር ነው ተብለው ከተሰራጩት ቅጂዎች መካከል ክሪፕትቦት የሚባል የይለፍ ቃል ሰራቂ የተሸከሙ ተገኝተዋል። የሂሳብ ሹሟ ላፕቶፕ ከአርባዎቹ አንዱ ከሆነ የባንክ መግቢያዋ ምን ላይ እንዳለ አስቡት። ልጁን ብትቀጡት ነገሩ አይድንም። ጥፋቱ የተሠራው ቀደም ብሎ ነው፤ የጨረታ ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው ፕሮ የሚለውን አንዲት ቃል ባለመጻፉ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ሞዴል 19ንና ሞዴል 22ን ታውቃላችሁ። ወንበር ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፣ ሲወጣ ሞዴል 22፤ መለያ ቁጥር ተለጥፎበት በሰው ስም ይመዘገባል። ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ይዞ ከክፍል ክፍል ይዞራል፣ ስቴፕለር ሳይቀር ይጠየቃል። በዚያው ሰው ስም በየዓመቱ በዶላር የሚከፈልበት የአውቶካድ ወይም የኦፊስ ሰብስክሪፕሽን ግን በክሊራንሱ ላይ ቦታ የለውም። ሰውየው ዱባይ ገብቶ ሥራ ይዟል፣ እኛ እዚህ እንከፍልለታለን። አንድ መሥሪያ ቤት የሰብስክሪፕሽኑን ስሞች ከደመወዝ መዝገቡ ጋር ሲያመሳክር አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፤ ከለቀቁት መካከል ያረፉም ነበሩበት። የሰው ሀብት ክፍል ኃላፊዋ ነፍስ ይማር ብለው ከዝርዝሩ ሰረዟቸው፤ መሳቅም አልቻልን፣ ማዘንም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? የላይሰንሱን ጉዳይ የሚይዝ አንድ ሰው ይኑራችሁ። ብዙ ቦታ ይህ ሥራ ለአይቲ ክፍሉ ትንሹ ልጅ ይሰጥና ማሽን እየዞረ እንዲቆጥር ይላካል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቆጠራው የመጨረሻው ሥራ ነው፤ መጀመሪያ ውሉ ይሰብሰብ። ምን ገዛን፣ በማን ስም፣ የሚቆጠረው ሰው ነው፣ ማሽን ነው ወይስ ፕሮሰሰር፣ ማስተላለፍ ይቻላል ወይ፣ የሚታደሰው መቼ ነው? ይህን ሳታውቁ የቆጠራችሁት ቁጥር የምን ቁጥር እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። ስሞቹ ራሳቸው ያምታታሉ። በየሥራ ማስታወቂያው ፒችትሪ የሚችል እንላለን፤ ሶፍትዌሩ ግን ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። ደረሰኙ ላይ ያለውን የድሮ ስም ማሽኑ ላይ ካለው ጋር የሚያዛምድ ሰው ከሌለ የከፈላችሁትን ያልከፈላችሁ ልትመስሉ ትችላላችሁ።

ከዚያ በላይ ግን ያ ሰው ስብሰባ ላይ ይቀመጥ። አዲስ ሲስተም ሊገናኝ ሲል፣ ሰርቨር ሊዘዋወር ሲል፣ ቅርንጫፍ ሊከፈት ሲል፣ ላፕቶፕ ሊገዛ ዝርዝር ሲወጣ የእሱ ፊርማ ይጠየቅ። ሥልጣኑ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ነገ ይጀመር ያሉትን ሥራ ውሉን ሳላይ አልፈርምም ማለት የማይችል ሰው ከሆነ፣ የላይሰንስ ኃላፊ ብላችሁ የሰየማችሁት ጸሐፊ ነው። አይኤስኦ 19770 የሚባል ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ለዚህ ሥራ ወጥቷል፤ ማንበቡ ደግ ነው። ነገር ግን ስታንዳርዱን አሟልቶ ስብሰባ የማይጠራ ሰው ከመያዝ፣ ስታንዳርዱን ሳያውቅ ስብሰባ የሚጠራ ሰው ቢኖራችሁ እመርጣለሁ።

የኦዲቱ ደብዳቤ የመጣ ዕለትስ? በትሕትና የተጻፈ ነው የሚሆነው፤ አጠቃቀማችሁን አብረን እንገምግም ይላል። ሁለት ነገር ባታደርጉ እወዳለሁ። አንደኛ፣ በድንጋጤ ከማሽን ላይ ማጥፋት አትጀምሩ። ማጥፋት ዱካ ይተዋል፤ ሳታውቁ የተሳሳታችሁትን ስህተት አውቃችሁ እንደደበቃችሁት ያስመስለዋል። ሁለተኛ፣ የላኩላችሁን ስክሪፕት ውሉን ሳታነቡ አታስኬዱ። ውሉ የሚያስገድዳችሁ ስለ የትኛው ሶፍትዌር፣ በምን ያህል ጊዜ፣ ምን ዓይነት መረጃ እንድትሰጡ ነው? ከዚያ ያለፈውን በጨዋ ቃል እምቢ ማለት መብታችሁ ነው። መልስ የሚሰጠውም አንድ ሰው ይሁን። ቴክኒሻኑ በስልክ፣ ግዥው በኢሜይል፣ ዳይሬክተሩ ምሳ ላይ የተናገሩት ሦስት የተለያየ ቁጥር ከሆነ ኦዲተሩ የሚይዘው ትልቁን ነው። በመጨረሻም ዕዳውን እንተውላችሁ፣ በምትኩ ይህን የክላውድ አገልግሎት ለሦስት ዓመት ፈርሙ የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ፈርሙ። ካላስፈለጋችሁ ዕዳችሁን ተከራክራችሁ ቀንሳችሁ ክፈሉ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ እድሳቱም በዶላር ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመፈረም በፊት ያለው ወር ነው፤ ሻጩ የዓመቱን ኮታ ሊሞላ የሚጣደፍበት። ያኔ ተጠቃሚ ማለት ማን እንደሆነ በራሳችሁ ሥራ ምሳሌ አስጽፉ፦ በስልኩ የሚያዝዝ ደንበኛ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም ብላችሁ። ተጨማሪ ስትፈልጉ የምትገዙበትን ዋጋ ዛሬ አስቆርጡ። ኦዲት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይሆን፣ ጉድለት ቢገኝ ደግሞ በውሉ ዋጋ ገዝታችሁ የምታሟሉበት ጊዜ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። እምቢ ሊሏችሁ ይችላሉ፤ እኔ ግን ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ ሳያገኝ የወጣ ጠያቂ ብዙ አላየሁም። ያልጠየቀ ግን ብዙ አይቻለሁ።

ውላችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ የሻጩን ስምና ዋጋውን ሸፍናችሁ የኦዲት አንቀጿን አንብቡልኝ፤ ከእሷ እንጀምር።